በቁም የሚነበብ ፍታት

ከመስክ ስመለስ ሻይ እንኳ ከመቅመሴ በፊት የቀረጽኩትን ድምፅ ከፍቼ አዳምጣለሁ። ማን ምን እንዳለና በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ በደብተሬ እጽፋለሁ። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለሬዲዮ በሠራሁባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ይህን ያላደረግሁበት ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ሲሆን የተቀረጸው አንኮበር፣ በሆሳዕና ዕለት ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሳልከፍተው በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ኖረ።

ባትሪ ወይም እስክሪብቶ ስፈልግ መሳቢያውን በሳብኩ ቁጥር መቅረጫውን አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን ባልደረቦቼ ለምሳ ወጥተው ቢሮው ጸጥ ሲል ከመሳቢያው ውስጥ ሰው የሚያስል ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚሰማኝ ሰው አልነበርኩም። አስከሬን ቆጥሬ አውቃለሁ። ገና የሚጨስ ቤት ፊት ቆሜ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ዘግቤአለሁ። ከዚያ መሳቢያ ግን አንድ ሁለቴ ሸሽቼ በረንዳ ላይ ቆሜአለሁ።

የሚያስለው አባቴ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን በመንገድ ሥራ የጨረሰ ሰው ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ጠጠር ሲያለብስ፣ ቦይ ሲጠርግ፣ ክረምት የናደውን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከዚያም በኋላ ሹፌሮች ቤት ድረስ እየመጡ «መንገዱ ያሳልፋል?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። በእግሩ ሄዶ ካላየው ያሳልፋልም አያሳልፍምም አይልም። «ዛሬ አላየሁትም» ብቻ ነው መልሱ። ሰዉ ይናደድበታል። «ኧረ እንደው በግምት ይንገሩን!» ሲሉት «ግምት ገደል ይከታል» ይላቸዋል። እናቴ በዚህ ትስቅበት ነበር። ወጡ ጣፍጦ እንደሆነ ስትጠይቀው እንኳ ሁለቴ ሳይጎርስ አይመልስላትም። ለሙያዬ ያወረሰኝ ነገር ካለ ይኸው ነው።

ያን ዓመት ጾሙ ሲጋመስ ልቡ ደከመ። እግሩ አበጠ፤ ተጋድሞ መተንፈስ ስላቃተው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ያድር ጀመር። ደብረ ብርሃን የማውቀው አንድ ሐኪም «እሑድ ተረኛ ነኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ካደረስከው ራሴ አየዋለሁ» አለኝ። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ከተከፈተ ሁለት ቀን ይዘጋ ነበር። እሑድ ይወጣል የተባለው መኪናም አንድ ሚኒባስ ብቻ ነው።

አባቴ ግን በአንድ ነገር አልንቀሳቀስ አለ።

«ሆሳዕናን ሳላስቀድስ የትም አልሄድም።»

«አባዬ፣ ሐኪሙ እኮ ይጠብቀናል።»

«ሐኪሙም ያስቀድስ።»

በመጨረሻ ተስማማን። ቅዳሴው እንዳበቃ ወደ መኪናው እንሄዳለን። እኔም የበዓሉ ዝግጅት የእኔ ተራ ስለነበረ ቅዳሴው ሊያበቃ ሲል መቅረጫዬን ከፍቼ በካፖርቴ የደረት ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ስህተቴን እዚህ ላይ ልጻፈው። ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ ቤተ ክርስቲያን የምታስበው የአንዱን ሞት ነውና ለሌላ ለማንም ፍታት አታደርግም። ሰው ደግሞ ሳምንት መርጦ አይሞትም። ስለዚህ በሆሳዕና ቅዳሴው ሲያበቃ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ ፍታቱ አስቀድሞ ይነበባል። አስከሬን የለም፣ ሳጥን የለም። የሚነበበው በቁም፣ ግቢው ውስጥ በቆመው ሰው ላይ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ነገር ግን ዘንባባውን እንደ ቀለበት ጣቱ ላይ አስሮ፣ ቅዳሴው ሲያበቃ «ምን ቀረ?» ብሎ ወደ ጉዳዩ የሚሮጥ ሰው በየደብሩ ሞልቷል። እኔ ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ።

አባቴ ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክንዱን ይዤ አነሳሁት። ትንሽ እንቆይ ያለኝ ይመስለኛል፤ እኔም መኪናው ይሄድብናል ያልኩት ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የምለው ልቤ ሰዓቱ ላይ ስለነበረ ነው። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ግቢውን ሞልቶት ነበርና በሩ ጋ ስንደርስ ወደ ኋላ ብመለከት ያየሁት ነጭ ብቻ ነው፤ ሰዉ ይሁን ጉሙ አልለየሁትም።

መኪናው ውስጥ አስገብቼው ካፖርቴን አለበስኩት። ለሐኪሙ ልደውል ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣሁ፤ ከዚያም ለቢሮ ደወልኩ። ስመለስ መኪናው ሞልቶ ጉዞ ጀመርን። ሆስፒታሉ በር ላይ ካፖርቴን ስቀበለው የመቅረጫው ቀይ መብራት አሁንም በርቶ አየሁ። አጠፋሁት።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ ሞተ። ሐሙስ አንኮበር ቀበርነው።

ብዙ ቀብር ዘግቤአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ግን አላየሁም። ዜማ የለ፣ ዕጣን የለ፣ ካህናቱም እንደ እኛው ዝም ብለው ቆመዋል። ሰዉ ለቅሶውን ሲያቋርጥ የሚሰማው የአካፋው ድምፅ ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ አፈር ሲገባ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ።

«ሆሳዕና ፍታቱ ሲነበብ አባትህ ነበረ?»

«ነበረ።»

«አይተኸዋል?»

«አጠገቡ ነበርኩ።»

ከዚያ በፊት ያላየሁትን አየሁ ብዬ አላውቅም። በጥይት መካከል አላልኩም፣ አለቃ ሲቆጣኝ አላልኩም። የዋሸሁት በአባቴ መቃብር ላይ፣ ለእናቴ ነው። ሁለቴ።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተሰባችን የንስሐ አባት ቄጠማ ተሸክመው መጡ። በዚያ ቀን ቄጠማ በየቤቱ ይታደላል፤ የምሥራቹ ደርሷል ማለት ነው። ሰዉም ጭንቅላቱ ላይ አስሮት እስከ ትንሣኤ ይውላል። በድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እናቴን ማየት ጀመርን። ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ቄጠማ ታስር ይሆን? እሷ ግን ሁለት ዘለላ ተቀበለች። አንዱን በጥቁሩ ሻሿ ላይ አሰረችው።

«ጎንበስ በል» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። በሌላው ዘለላ የእኔን ራስ አሰረችው። እርጥብ ነበር፤ ውኃው በጆሮዬ ሥር ሲወርድ ይሰማኛል። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ይህች ሴት ተስፋ የምታደርገው ባሏ ተፈትቶ ሄዷል ብላ ነው፤ ተፈትቷል ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

በማግስቱ የመጣው ለቀስተኛ አሳዛኝም አስቂኝም ነበር። ሰዉ ለትንሣኤ «እንኳን አደረሳችሁ» ይበል ወይስ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይበል ግራ ገባው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከደጅ ሆነው «እንኳን...» ብለው ጀመሩና ድንኳኑን ሲያዩ «...እግዜር ያጥና...» አሉ፤ ከዚያ ተናደዱ።

«አሁን እኔ ምንድን ነው የምለው?» አሉ ወደ እናቴ ዞረው።

«ሁለቱንም ይበሉት። ሁለቱም ደርሶብኛል» አለቻቸው።

ሰዉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። እኔ አልሳቅኩም። ለቅሶው በቆየበት ጊዜ ሁሉ አላለቀስኩምም። እንግዳ ስቀበል፣ ወንበር ሳስተካክል፣ የመጣውን ሰው ስመዘግብ ሰነበትኩ። ሰዎች ለእናቴ «ልጅሽ ወንድ ነው፣ ያዘሽ» ሲሏት እሰማለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዓመት የተለየ ነገር የለውም። አርባውን አወጣን። ሥራዬን ሠራሁ። ሰው «ያጣራኸው ነው?» ሲለኝ ግን ጆሮዬ ላይ ያ የቄጠማ ውኃ የሚወርድ ይመስለኛል። እናቴን ለመጠየቅ አንኮበር ስሄድ ሁልጊዜ የአባቴ ወንበር ግድግዳው ጋ እንደተደገፈ ነው፤ አልቀመጥበትም፣ ወደዚያም አላይም። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ስታወራ «እሱ እኮ ተፈትቶ ነው የሄደው» ስትል በሰማሁ ቁጥር ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ።

አንድ ሐሳብ ደግሞ አልለቅ አለኝ። የትንሣኤው ነገር ወደ እኛ የደረሰው በምስክር ነው። ያዩ ሰዎች ላላዩ ተናገሩ፤ ያላዩትም ለልጆቻቸው ተናገሩ። በሙያዬ ዓይን ሳየው ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ የሚያሰጋኝም ይኸው ነበር። ምስክሩ ከዋሸ ሁሉም ገደል ነው። እኔ ደግሞ በራሴ ቤት የምስክር ሰንሰለት ውስጥ የገባሁ ሐሰተኛ ምስክር ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ፋሲካ ሲመጣ «ተነሥቷል» ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል? ያን ዓመት አልመለስኩም፤ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

ዓመቱ ዞሮ ጾሙ ሲገባደድ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ፍታቱን በዚያ ቀን ካነበቡት ካህናት አንዱ እሳቸው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጥድ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ነገሩን እንደ ዘገባ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፦ ሰዓቱን፣ መኪናውን፣ ያልኩትን ቃል።

«ጨረስክ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ስናነብ ስም መዝገብ ይዘን የምንጠራ መሰለህ? ማን ቀረ፣ ማን መጣ ብለን?»

«ግን ግቢው ውስጥ አልነበረም።»

«አልጋ ላይ የዋለውስ? በረሓ ያለ ወታደርስ? እሱም እዚህ አልነበረም። የሚነበበው በዚህ ሳምንት ለሚሞት ክርስቲያን ነው። አባትህ ክርስቲያን ነው። በዚያ ሳምንት ሞተ። ይኸው ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ይህን ስንት ዓመት እንዳነበብኩት አላስታውስም። አንድም ዓመት ፊቴን ቀና አድርጌ ሰዉን አይቼ አላውቅም። ማን ይሆን ብዬ እንዳልፈልግ። አንዳንዴም እኔ እሆናለሁ ብዬ አስባለሁ።»

«እርስዎ ይፈራሉ?»

«ብርዱን እፈራለሁ» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አሁን ወዳንተ እንምጣ። የአባትህ ነገር ያለቀ ነው። ያንተ ግን አላለቀም። ሄደህ ለእናትህ እውነቱን ንገራት።»

«አባ፣ ትሰበራለች። የቆመችው በዚያ ቃል ነው።»

ከት ብለው ሳቁ።

«እስከ ዛሬ አንተ ነህ ቀጥ አድርገህ ያቆምካት? አይ ጋዜጠኛው! ሂድ፣ ንገራት።»

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ዓርብ መቅረጫውን ከመሳቢያው አውጥቼ ኪሴ ከተትኩና ወደ አንኮበር ወጣሁ። ለምን እንደያዝኩት በግልጽ አላውቅም። ምናልባት ቃሌን ስለማላምነው ማስረጃ ይዤ መሄዴ ይሆናል።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መግቢያ ሳልፈልግ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ሆሳዕና ፍታቱ ሲነበብ አባዬ አልነበረም። እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ዋሽቼሻለሁ።»

እጇ ባቄላው ላይ ቆመ። ከዚያ መልሳ መልቀም ጀመረች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«እኔስ የት የነበርኩ መሰለህ? በሴቶቹ በኩል ቆሜ ክንዱን ይዘህ ስታወጣው አይቻችኋለሁ። ነጠላዬን እያውለበለብኩ ቆይ ልልህ ነበር። ጉሙ መጣና ዋጣችሁ።»

ለአንድ ዓመት የተሸከምኩትን ነገር ባለቤቱ ከመጀመሪያው ታውቀዋለች።

«ታዲያ መቃብሩ ላይ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንድታለቅስ ነዋ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ከረቡዕ ጀምሮ አንዲት ጠብታ ሳትወጣህ ወንበር ትቆጥራለህ። ይህ ልጅ ሊፈነዳብኝ ነው አልኩ። ‹እኔ አስወጣሁት› ትላለህ፣ ትወድቅልኛለህ፣ አቅፌህ አብረን እናለቅሳለን ብዬ ነው የጠየቅሁህ። አንተ ግን ዜና ነገርከኝ።»

«ለጎረቤቶቹስ? ተፈትቶ ነው የሄደው ትያቸው የለም?»

«ተፈትቶ ነው እንጂ! አንተ ስላልከኝ መሰለህ? ቄጠማውን ያሰርኩት ባንተ ቃል ነው? አንተ ሳትወለድም እኮ አስር ነበር።» ከባቄላው መካከል አንድ ጠጠር አግኝታ ወደ ግቢው ወረወረችው። «ያን ቀን መቅረጫህን ይዘህ ነበር፤ የአባትህ ድምፅም ይኖራል። እውነት ነው? ቀርጸኸዋል?»

«አለ። አላዳመጥኩትም።»

«አሰማኝ።»

መቅረጫውን በመካከላችን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። የቅዳሴው ማብቂያ፣ የሰዉ እግር፣ የሕፃን ለቅሶ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ቅርብ፣ በረንዳው ላይ አብሮን የተቀመጠ ያህል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ትንሽ እንቆይ። አሁን ሊያነቡ ነው።»

«አባዬ፣ አልቋል። በል እንሂድ።»

«አላለቀም።»

«መኪናው ይሄድብናል ስልህ!»

ይህ የእኔ ድምፅ ነው። ቁጣ አለበት። በዓመቱ ውስጥ ብዙ ነገር አስታውሼ ነበር፤ ቁጣውን ግን አላስታውስም።

ቀጥሎ የጠጠር ድምፅ፣ የመኪና በር፣ ከዚያም ሹፌሩ። አልዩ አምባ የተወለደ ሙስሊም ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«አባባን ፊት ያስቀምጧቸው። ጋሼ፣ ትርፍ ጭኗል ብለው በሬዲዮ እንዳያወጡኝ ብቻ!»

«መቼ ነው የምንወጣው?»

«ሦስት ሰው ጎድሎኛል። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይሞላል።»

እዚህ ላይ አቆምኩት። የቸኮልኩለት መኪና እዚያው ቆሞ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር። ሹፌሩ በግልጽ ነግሮኛል፤ ሰምቼ አልሰማሁትም።

«ቀጥል» አለች እናቴ።

የእኔ እርምጃ እየራቀ ሄደ። ካፖርቱ አባቴ ላይ ስለነበረ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሰማው መቅረጫው ብቻ ነው። የአባቴ ትንፋሽ አጭር ነው፣ ይቆራረጣል። ከሩቅ በድምፅ ማጉያው ንባቡ ሲጀመር ይሰማል።

«ልጄ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርግልኝ» አለ አባቴ።

«ብርድ ነው እኮ አባባ። ጉሙ ይገባል።»

«ይግባ።»

መስኮቱ ሲወርድ ይንቋቋል። ንባቡ ጎላ አለ።

«ምንድን ነው የሚሉት? የለቅሶ ይመስላል።»

«ፍታት ነው።»

«ኢና ሊላሂ! ማን ሞቶ ነው?»

«ገና ነው።»

የሹፌሩ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

«እንዴት ገና?»

«በዚህ ሳምንት ለሚሞት ነው። ሳምንቱን ፍታት የለም፤ ዛሬ አስቀድመው ያነቡለታል።»

«ማን እንደሆነ ሳያውቁ?»

«ሳያውቁ።»

የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። ሹፌሩ ነው ያጠፋው።

«አላህ ያቆይዎት፣ አባባ።»

አባቴ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ መሳቢያዬ ውስጥ የምሰማው ሳል ይኸው ነበር።

«ልጄ ሲመጣ እንዳትነግረው» አለ ሲረጋጋ። «ሐኪም ዘንድ ሊያደርሰኝ ደፋ ቀና ይላል። ያዝንብኛል።»

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ደቂቃ ሰው አይናገርም። ከሩቅ ንባቡ፣ ከቅርብ ትንፋሹ ይሰማል። በመጨረሻ፣ ንባቡ ሲያበቃ፣ አንድ አጭር ድምፅ አለ። ሳል ይሁን አሜን አልለየሁትም። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ዛሬም አልለየሁትም፣ ለይቼዋለሁ ብዬም አልጽፍም።

እናቴ ግን እዚያ አልደረሰችም። «ገና ነው» የሚለው ላይ ቀርታለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የምታለቅስ መስሎኝ ዞር ብል እየሳቀች ነው፣ እንባዋም ይወርዳል።

«ሰውየው!» አለች። «በገዛ ሞቱ እንኳ በግምት አይናገርም!»

ያኔ አለቀስኩ። እንዴት እንደጀመረኝ አላውቅም። ባቄላው ተደፋ። እንደ ልጅነቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ። እጇ ራሴ ላይ ነበር።

ለትክክለኛነቱ ያህል፣ ቅጂው ውሸቴን እውነት አላደረገውም። አጠገቡ ነበርኩ ብያለሁ፤ አልነበርኩም። አጠገቡ የነበረው የአልዩ አምባው ሹፌር ነው። ደግሞም ማስረጃው የመጣው ማንም በማይፈልገው ጊዜ ነው፤ ካህኑ ያለ ማስረጃ ነግረውኛል፣ እናቴ ያለ ማስረጃ አምናለች። ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የሄዱትን ሴቶች አስባቸዋለሁ። መንገዱን ሁሉ የተጨነቁት ድንጋዩን ማን ያነሳልናል ብለው ነበር። ሲደርሱ ተነሥቶ አገኙት። እኔ ለአንድ ዓመት ያን ድንጋይ ስገፋ ነበር።

ትንሣኤን በሙያዬ ላጣራው አልችልም። የማውቀው ምንጬን ነው። አባቴ በእግሩ ያላየውን መንገድ ያሳልፋል ብሎ የማያውቅ ሰው ነበር። ያ ሰው የገዛ ፍታቱን መስኮት አስከፍቶ አዳመጠ፤ አልተደናገጠም፣ አልለመነም፣ ልጁ እንዳያዝን ብቻ ተጨነቀ። አንድ ሰው ከእሱ በፊት በዚያ መንገድ ሄዶ እንደተመለሰ ያምን ነበር። በገዛ እግሩ ያልሄደበትን መንገድ በሌላ ሰው ቃል ሲያምን ያገኘሁት በዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔም አምናለሁ። ፍርሃቴ ሁሉ ለቅቆኛል አልልም፤ የአባቴን ወንበር ዛሬም ሳየው ያስደነግጠኛል። ግን አሁን እቀመጥበታለሁ።

እሑድ ሆሳዕና ነበር። ቅዳሴው ሲያበቃ ሰዉ ዘንባባውን ይዞ ወደ በሩ መጉረፍ ጀመረ። እኔ አባቴ የተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ ቆምኩ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ነበረኝና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው ያው ሚኒባስ ደጅ ላይ ጥሩንባውን ይነፋል። ንባቡ ተጀመረ። ካህኑ እንዳሉት ፊታቸውን አላቀኑም። እኔ ግን ቀና ብዬ አየሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አንዲት አሮጊት ግንቡን ተደግፈዋል። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላለች። በሴቶቹ በኩል እናቴ ቆማለች። ከመካከላችን ፋሲካን የማያይ ይኖራል፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። ቢሆንም ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም።

ጥሩንባው እንደገና ጮኸ። ከዚያ ሹፌሩ ራሱ እስከ በሩ መጥቶ አንገቱን አስግጎ ሲፈልገኝ አየሁት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የቆምኩበትን ድንጋይ አየ፣ ድምፅ ማጉያውን አየና ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ከግንቡ ማዶ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ።